መድረኩ ላይ የቆመውን ብቻ አትዩ

ወገኖቼ፣ በተለይ ዜግነት ወስዳችሁ እዚህ ኮሎራዶ ልጆች የምታሳድጉ፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። ይቅር ልለው ያልቻልኩት ነገር አለ። ዓመታት አልፈውበታል፣ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ኤፕሪል 20 ቀን 1999 ኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ተማሪዎች መሣሪያ ይዘው ገቡ። በዕለቱ 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን አጠፉ። ትምህርት ቤቱ ከዴንቨር ብዙም አይርቅም። ከተማው በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ።

በ11ኛው ቀን፣ ሜይ 1፣ ናሽናል ራይፍል አሶሴሽን፣ በአጭሩ ኤንአርኤ፣ ለመሣሪያ ባለቤቶች መብት የሚሟገተው ማኅበር፣ ዓመታዊ ስብሰባውን ዴንቨር ላይ አደረገ። ስብሰባው ቀድሞ የተቀጠረ ነበር። የመሣሪያ ኤግዚቢሽኑን ሰርዘዋል፣ የቀናቱን ፕሮግራምም አሳጥረዋል። ግን መጡ። የከተማው ከንቲባ ዌሊንግተን ዌብ አትምጡብን ብለው ለምነው ነበር። እኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ከተቀመጠ ሠርግ እንኳ ይራዘማል። ማራዘም ካልተቻለም ከበሮው ይቀራል። እነሱ ግን መድረክ ተከሉ።

መድረኩ ላይ የወጣው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቻርልተን ሄስተን ነው። ሙሴን ሆኖ የተወነው ተዋናይ። በየፋሲካው በቴሌቪዥን ባሕር ሲከፍል የምናየው ሰው። የከንቲባውን መልእክት ለተሰብሳቢው ነገረ። በ18 ዓመቱ ለአገሩ በፈቃዱ መዝመቱን አስታወሰ። አትምጡ ይሉናል፣ እኛ እኮ እዚሁ ነን አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ውጭ ደግሞ ሺዎች ተሰልፈው ነበር። ከመካከላቸው አንድ አባት ነበር። የ15 ዓመት ልጁ ኮለምባይን ተገድሏል። የያዘው ወረቀት፣ ልጄ ዛሬ እዚህ እንድገኝለት ይጠብቅብኝ ነበር ይላል። ይህ ልጅ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት፣ እራት ላይ፣ አባቱን አንድ ጥያቄ ጠይቆታል። የመሣሪያ ገዢዎችን የሚያጣራው ሕግ ቀዳዳ እንዳለው ታውቃለህ ወይ ብሎ። ገዳዮቹ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ሦስቱ የተገዙት በዚያ ቀዳዳ ነው። የ18 ዓመት ጓደኛቸው መሣሪያ ባዛር ሄዳ፣ ከግል ሻጮች፣ ማንም ሳያጣራት ገዛችላቸው።

እስቲ ይህን አባት አስቡት። ግድግዳው ወዲያ ማዶ እየተጨበጨበ ነው።

ለዓመታት የተቆጣሁት ሄስተን ላይ ነበር። ዛሬም አላዝንለትም ማለት አልችልም፣ ይቅርም አላልኩትም። ይህ ሰው በ1963 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ዋሽንግተን ላይ የተሰለፈ ሰው ነው። በ1968 ሮበርት ኬኔዲ ሲገደል የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ይውጣ ብለው ከቆሙት ተዋንያን አንዱ ነበር። በ2002 የአልዛይመር ምልክት እንደታየበት ራሱ ለሕዝብ ተናገረ። በ2008 ዐረፈ። ሰውዬው ላይ የነበረኝ ቁጣ እያደር ወደ ሐዘን ተለወጠ።

ቁጣዬ የተረፈው ለእኛ ነው። ምክንያቱም ያኔም አሁንም የምናየው ፊቱን ብቻ ነው።

የኤንአርኤ ፕሬዚዳንትነት ደመወዝ የለውም። የክብር ቦታ ነው። የዕለት ሥራው፣ ገንዘቡ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሥራ አስፈጻሚው ምክትል ፕሬዚዳንት እጅ ነው። ከ1991 እስከ 2024 መጀመሪያ ያንን ወንበር የያዘው ዌይን ላፒየር ነው። ሄስተን የተፈለገው ለፊቱና ለድምፁ ነው። በ2021 የወጣ የድምፅ ቅጂ አለ። ከኮለምባይን ማግስት በስልክ የተደረገ ንግግር ነው። ብንሰርዝ ጥፋተኛ ነን ያልን ይመስልብናል፣ ብንሄድስ ምን ይባላል እያሉ ይመክራሉ። የሚመክሩት የማኅበሩ ባለሥልጣናት፣ ጉዳይ አስፈጻሚዎችና የሕዝብ ግንኙነት አማካሪዎች ናቸው። የልጆቹ አስከሬን ገና አልተቀበረም ነበር።

በኋላ ኦሊቨር ኖርዝ የሚባል የቀድሞ መኮንን ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2019 የማኅበሩ ገንዘብ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። በዚያው ሰሞን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከወንበሩ ወረደ። ላፒየር ቀረ። በ2024 የኒውዮርክ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፣ ላፒየር ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማኅበሩ እንዲመልስ ወሰኑበት። የአባላቱ መዋጮ ነበር።

እኛስ? በየማኅበሮቻችን የክብር ሊቀመንበር ስንመርጥ እናጨበጭባለን። ገንዘብ ያዡን ማን እንደሚቆጣጠረው አንጠይቅም። አዲስ አበባ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ የሚለውን ቡና ላይ እንተነትናለን። የምንኖርበትን ወረዳ ወክሎ ዴንቨር ምክር ቤት የተቀመጠውን ሰው ስም ግን አናውቅም። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ፣ እቤታችን ድረስ ይመጣል። ከሱፐርማርኬት ኩፖን ጋር ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንድ ነገር ሲፈጠር ልጄን ልኬ እንዴት እረፍት አገኛለሁ እንላለን። ይህ ያሳፍራል። ከልብ ያሳፍራል።

ያ አባት እቤቱ አልተቀመጠም። በ2000 የኮሎራዶ ምክር ቤት የባዛሩን ቀዳዳ አልዘጋም አለ። ሕዝቡ ፊርማ አሰባሰበ። አባትየውም ከፊት ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሄስተን ሻርለት ከተማ ጠመንጃ ከፍ አድርጎ፣ ሞቼ እጄ ሲቀዘቅዝ ካልሆነ አትወስዱትም አለ። ቴሌቪዥኑ ያንን ደጋግሞ አሳየ። ኖቬምበር ላይ ግን ከኮሎራዶ መራጭ 70 በመቶው ቀዳዳው ይዘጋ አለ። ተዘጋ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። በ2012 እዚሁ ኦሮራ ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰው ተገድሏል። በ2021 ቦልደር ሱፐርማርኬት ውስጥ 10። በ2013 ምክር ቤቱ የግል ሽያጭም ሁሉ ይጣራ ብሎ ሕግ ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ሁለት ሴናተሮች በሕዝብ ድምፅ ከወንበራቸው ተነሡ። አንዱ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ነበር። የተሸነፈው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው። ብዙው ሰው አልመረጠም። ሕጉ ግን አልተሻረም።

እንግዲህ ደክሞኛል፣ ግን እለምናችኋለሁ። ለኖቬምበሩ ምርጫ ፖስታው ሲመጣ ክፈቱት። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው እናቶችና አባቶች ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስትጠጡ ተነጋገሩበት። ሁላችሁም እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ጥቂት መቶ ሰዎች ከሰማችሁኝ ይበቃኛል።