እርማት፦ በዝናብ ፍላሹ ከሙሽሮቹ ኋላ ነው

"ሰርጉ ላይ ዝናብ ከመጣ ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክታችሁ ፊት ለፊት አብሩ፤ ዝናቡም ፊታቸውም ጥርት ብሎ ይወጣል" የሚለው ምክር በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

ከካሜራው የሚወጣው ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው ሌንሱ አፍንጫ ሥር ያለውን ጠብታ ነው። ጠብታው ቅርብ ስለሆነ ከሙሽሮቹ ይበልጥ ይደምቃል፤ ፎከስ ውስጥ ስለሌለ ደግሞ ነጭ ክብ ሆኖ ሙሽሪት ጉንጭ ላይ ያርፋል። ያንን በኤዲቲንግ አንድ በአንድ ማጥፋት ሌሊቱን ይፈጃል።

ዝናብ ደምቆ የሚታየው ከኋላው ሲበራ ነው። ፍላሹን ከሙሽሮቹ 2 ወይም 3 ሜትር ኋላ፣ በአካላቸው ተከልሎ፣ ቀና አድርጋችሁ በትሪገር (ፍላሹን ከርቀት በሚያበራው መሣሪያ) አብሩት። ከኋላ ጨለም ያለ ነገር ይኑር፤ የጽድ አጥር ግሩም ነው። የካሜራው የሹተር ፍጥነት 1/200 ሰከንድ አካባቢ ይሁን፤ የፍላሹን ኃይል ከሙሉ ኃይሉ 1/8 ጀምሩ። ፍላሹን በስስ ነጭ ፌስታል ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ፊታቸው ከጠቆረ ነጭ ጃንጥላ ብርሃኑን ይመልስላቸዋል (ቀይ ጃንጥላ ቬሎውን ሳይቀር ያቀላዋል)።

ለማረጋገጥ ማታ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው አቁሙ፤ በሌንሱና በሰውየው መካከል፣ በዙሪያውም ውሃ እያስረጫችሁ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ አብርታችሁ አንሱና ሁለቱን አስተያዩ።