ስልኩ ከመጽሐፉ ቀድሞ ክፍል ሲገባ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሲደረግ የታተሙት መጻሕፍት በብዙ ትምህርት ቤቶች በወቅቱ አልደረሱም ነበር። ክፍተቱን የሸፈነው በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው የመጻሕፍቱ ሶፍት ኮፒ ነው። ስማርት ስልክ ይዞ መግባት በመተዳደሪያ ደንብ በተከለከለባቸው ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ስልክ የሌለው ተማሪ መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ሆነ፤ መምህሩም ደንቡን ቢያስከብር ትምህርቱ ይቆምበታል፣ ትምህርቱን ቢያስቀጥል ደንቡ ይጣስበታል። ዲጂታል መሣሪያ በክፍል ውስጥ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ክርክር እኛ የምናነሳው እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ሆነን ስለሆነ፣ ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. የተማሪዎችን ስልክ በሕግ መከልከሏን ወይም ስዊድን በ2023 እ.ኤ.አ. ፊቷን ወደ ታተመ መጽሐፍ መመለሷን መጥቀስ ብቻውን መልስ አይሆነንም። እነርሱ የሚመለሱበት መጽሐፍ አላቸው።

ስልክን በመጽሐፍ ፋንታ መጠቀም ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለትልቅ ገጽ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ በመዳፍ ስፋት ማሳያ ላይ ሲከፈት ፊደሉ አይነበብምና ተማሪው ገጹን በሁለት ጣቶቹ እያሰፋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል። የፊዚክሱ ጥያቄ ከታች፣ ጥያቄው የሚያመለክተው ሥዕል ከላይ ከሆነ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማየት አይችልም፤ ጥያቄውን በቃሉ ይዞ ወደ ሥዕሉ ይወጣል፣ ሥዕሉን አይቶ ሲመለስ ጥያቄው ይምታታበታል። ሦስት ሆነው በአንድ ስልክ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ ገጹ የሚገለጠው በባለስልኩ ፍጥነት ነው። በዚህ መሐል መልእክት ከላይ ብቅ ይላል፤ የልጁ ዓይን ወደዚያ የሚሄደውም ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን መተግበሪያው ትኩረት እንዲስብ ታስቦ ስለተሠራ ነው። ፒሳ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና በ2022 እ.ኤ.አ. ሲካሄድ፣ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) አባል አገሮች በአማካይ 65 በመቶ ያህሉ ተማሪዎች ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያት በዲጂታል መሣሪያ ምክንያት ሐሳባቸው እንደሚበተን ተናግረዋል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን 59 በመቶ ያህሉ ሐሳባቸው የሚበተነው ሌሎች ተማሪዎች በሚነካኩት መሣሪያ መሆኑን መግለጻቸው ነው። ስልክ ለመግዛት አቅም ያጣው ቤተሰብ ልጅ እንኳ ከጉዳቱ አያመልጥም ማለት ነው።

መሣሪያ መትከል ብቻውን ትምህርት እንደማይሆን ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተተከሉት ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች አማካይነት በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ቤተ ሙከራም ብቁ የሒሳብ መምህርም በሌለበት ወረዳ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ ካለው እኩያው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። በተግባር ሲታይ ግን ስርጭቱ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስድና ለመምህሩ የሚተርፉት በመግቢያውና በመዝጊያው ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በፍጥነት ስለሚነገር፣ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያስቆምለት አልነበረም። መብራት ከጠፋም ያ ትምህርት አለፈ። ለዓመታት ያስተማሩ መምህራን ማብሪያና ማጥፊያ ተጫኝ እንደሆኑ ተሰምቷቸው ሲማረሩ የሰማን ሰዎች፣ ዛሬ ታብሌት በገፍ ስለማከፋፈል ሲወራ ብንሰጋ አይፈረድብንም። ፔሩም ለገጠር አንደኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ላፕቶፕ በብዛት አድላ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም።

ይህን የምለው መሣሪያ ሁሉ ከክፍል ይውጣ ለማለት አይደለም። ቤተ ሙከራው ባዶ በሆነበት ትምህርት ቤት አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይዞ የኤሌክትሪክ ዑደትን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ መምህር፣ በጠመኔ ብቻ ሊያስረዳ የማይችለውን ያስረዳል። አምፖሉን ያበራል፣ ሽቦውን ያቋርጣል፣ ‹‹አሁን ምን ይሆናል?›› ብሎ ይጠይቃል፤ ካልገባቸውም ወደ ኋላ መልሶ ይደግመዋል። ከፕላዝማው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ለመምህሩ ይታዘዛል፣ ለጥያቄ ይቆማል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ለዓይነ ስውር ተማሪዎች ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም በላይ ነው። የብሬይል መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ አንባቢ ጓደኛ ከመለመን ነጻ ያወጣቸዋልና፣ ማናቸውም የስልክ እገዳ እነርሱን እንደማይመለከት በግልጽ መደንገግ አለበት።

እኔ የምደግፈው አሠራር ይህ ነው። በአንደኛ ደረጃ የተማሪ ስማርት ስልክ ከነጭራሹ ክፍል አይግባ። በሁለተኛ ደረጃም ጠዋት ተሰብስቦ ከሰዓት ይመለስ፤ ይህ ክልከላ ግን ፍትሐዊ የሚሆነው የታተመው መጽሐፍ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ ከገባ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ከማናቸውም የታብሌት ግዢ በፊት የኅትመቱን ጉዳይ ሊጨርሱ ይገባል። መሣሪያ ሲገዛም የመጀመሪያው ድርሻ የመምህሩ ይሁን፤ ከዕቃው ጋር ለሥልጠናና ለጥገና የሚሆን በጀት አብሮ ይያዝ፤ አንድ መለዋወጫ በመጥፋቱ ብቻ ተቆልፎ የሚቀር የኮምፒውተር ክፍል ለማንም አይጠቅምምና።

የኮምፒውተር ክፍሎቹ ነገር ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን በሚወስን ፈተና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሳያ ፊት ሲቀመጥ፣ የሚፈተነው የተማረውን ብቻ አይሆንም። ስለዚህ ፈተናውን ወደ ኮምፒውተር የሚያሸጋግረው አካል፣ ተፈታኞቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ መለማመዳቸውን በየትምህርት ቤቱ አረጋግጦ፣ ይህ ባልተሟላበት ቦታ ፈተናውን በወረቀት መስጠቱን ሊቀጥል ይገባል።