እርማት፦ «ተከራዩ ከተስማማ የስድስት ወር ቅድሚያ መቀበል ይቻላል» ለሚለው

ወንድሜ፣ ይህ አባባል በአዲስ አበባ ብዙ አከራይ እንደ እውነት የያዘው ነው። ግን ትክክል አይደለም። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ተከራዩ ቢስማማም ያው ነው። ቤት የቸገረው ሰው የተባለውን ሁሉ ይስማማል፤ ሕጉ የመጣውም ለዚህ ነው።

«ቤቱ የራሴ ነው፣ ስፈልግ እጨምራለሁ» የሚለውም አይሠራም። ጭማሪው የቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል በየዓመቱ ሰኔ 30 ይፋ ከሚያደርገው መጠን ማለፍ አይችልም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከሁለት ዓመት አይነስ። በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡት። ኪራዩንም በባንክ ተቀበሉ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ ደረሰኙ ለእናንተም ማስረጃ ነው። አንድ ሰርቪስ ቤት ብቻ የምታከራዩ እናቶች በተለይ ይህን ልብ በሉልኝ።