ማስተካከያ፦ አማርኛን ጀስቲፋይ ስናደርግ በቃላት መሃል ስለሚፈጠረው ክፍተት

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ምክር አለ። ዎርድ ላይ አማርኛ ጀስቲፋይ ሲደረግ (የመስመሮቹ ግራና ቀኝ ጫፍ እኩል እንዲሆን ሲደረግ) የሚመጣውን ሰፊ ክፍተት ለመዝጋት ረጅሙን ቃል በጭረት ቁልፍ ክፈሉት፣ ጽሑፍን በትእዛዝ የሚያሰናዳው ላቴክ (LaTeX) የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የአማርኛ ቃል መክፈል ጭራሽ አይችልም ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

የዎርድ የራሱ መመሪያ እንደሚለው ለዚህ የተሠራ ሌላ ጭረት አለ፤ ኮንትሮልን ይዞ ጭረትን መጫን ነው። ይህኛው የሚታየው ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲከፈል ብቻ ነው። ተራው ጭረት ግን የፊደል መጠን ወይም ህዳግ በቀየራችሁ ቁጥር መስመር መሃል ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ ቃሉንም በፍለጋ አታገኙትም።

ላቴክን በተመለከተ፣ ከቴክ ላይቭ (ላቴክ ከሚጫንባቸው ስብስቦች አንዱ) ጋር የሚመጣው የቃል መክፈያ ጥቅል ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ ደንብ አለው፤ ይህም በጥቅሉ ሰነድ ላይ ሰፍሯል። በዚላቴክ ወይም በሉዋላቴክ (XeLaTeX እና LuaLaTeX፣ የላቴክ ዓይነቶች) ስትሠሩ ፖሊግሎሲያ (polyglossia) በተባለው የቋንቋ ጥቅል በኩል ቋንቋው አማርኛ መሆኑን መናገር ግን የእናንተ ፋንታ ነው። (የብራና ጸሐፊዎቻችን እኮ ቃሉን ያለ ምንም ጭረት ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዱ ነበር፤ የቃሉን ማብቂያ ሁለት ነጥብ ይናገራላ!)

በምክሩ መሠረት ጭረት የጨመራችሁ ሰዎች በፈልግና ተካ አንድ በአንድ እያያችሁ አውጡት። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን አትንኩ፤ እንደ «ሥነ-ሥርዓት» ያሉት ላይ ያለውን ትክክለኛ ጭረትም ጠራርጎ ይወስደዋል።