«አራቢካ» ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ቡናችን በሳይንስ ስሙ «ኮፊያ አራቢካ» ይባላል። ሁለተኛው ቃል የላቲን ቅጽል ነው፤ «የዓረብ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1753።

ይቀየር (የቡና ቀማሽ)፦
ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። ይህን ስም በጠራሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ዱር በቀል ቡና ዛሬም በከፋና በሐረና ጫካ አለ። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ስለሆነ መሸጫውን አገሩ አደረጉት። ኮሶና ኑግ «አቢሲኒካ» ተብለዋል። ቡና ላይ ሲደርስ ለምን ይነፈገናል? አይቻልም እንዳትሉኝ። በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሊቃውንት «ካፍራ» የሚለውን ቅጽል «አፍራ» ብለውታል፤ ጥቁር አፍሪካውያንን የሚሰድብ ቃል ስለሆነ። (ከከፋ ጋር አይገናኝም።)

ይቆይ (የዕፅዋት መምህር)፦
እህቴ፣ ቁጭትሽ ይገባኛል። ግን «ካፍራ» የተነሣው ስድብ ስለሆነ ነው እንጂ ስለተሳሳተ አይደለም። የስያሜው ሕግ ቅጽሉ አልገጠመም ተብሎ ስም አይሻርም ይላል። ምሳሌው «ሲላ ፔሩቪያና» ነው፤ «የፔሩ» ተብሎ ፔሩ ውስጥ የማይበቅል አበባ። ሀብታሙ የተባለ ሰው ቢደኸይ መታወቂያው ይቀየራል እንዴ?

ደግሞ እነዚህን ቅጽሎች እወዳቸዋለሁ። የእንሰት «ቬንትሪኮሱም» ሆዱ የተነፋ ማለት ነው፤ ግንዱን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንደኛ «ረጅሙ»ና «ረጅሟ» ፆታም ይከተላሉ፦ መቅመቆ «ሩሜክስ አቢሲኒከስ»፣ ኮሶ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ»። የጽድ ነገር ደግሞ ይገርማል። «ጁኒፐረስ» ወንድ ይመስላል፤ ላቲን ግን ዛፍን እንደ ሴት ስለሚቆጥር ቅጽሉ «ፕሮሴራ» ሆነ፣ «ረጅሟ» እንደማለት። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ስሙ ከአእምሯቸው አይጠፋም። አንዱን ስም ስንነካ ግን ከ1753 ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ይናጋል።

ይቀየር፦
መምህር፣ ሀብታሙ ቢደኸይ ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ሀብቱን ግን ሌላ ሰው በስሙ አይወስድበትም። አራቢካ ግን ዓለም ሁሉ የሚጠራው የገበያ ስም ነው። የውጭ ገዢ ፊቴ ቁጭ ብሎ «ቡና የዓረብ አይደል?» ሲለኝ የሕጉን አንቀጽ አላነብለትም። ስድብ ብቻ ነው የሚያስቀይረው ካሉኝ፣ የሰውን ልጅ በጎረቤቱ ስም መጥራት ምን ይባላል?

ይቆይ፦
ስሕተት ይባላል። በየክፍሉ፣ በየከረጢቱ ላይ ትውልዱ ኢትዮጵያ ነው ብለን እንጻፍ። ስሙን ግን አልነካም።

ይቀየር፦
ቀጣዩ ጉባኤ በ2029 ኬፕታውን ነው። አፍሪካ ምድር ላይ። ጥያቄውን የሚያቀርብ ባለሙያ እፈልጋለሁ፤ እርስዎም እዚያው ተነሥተው ይቃወሙኝ።