«በአንዳንድ ስፍራዎች» የሚባለው የእኛ ግቢ ነው

ባለፈው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከመችበትን በርበሬ ዝናብ መታው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተደቁሶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ተደልዞ ሸራ ላይ ከተሰጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሁለት ፀሐይ ቢያገኝ ታምሶ ወፍጮ ቤት ይሄድ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ የዓመቱን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ በእኛ ቤት እንደ ሕግ ነው። ሰኔ ከገባ በኋላ በርበሬ ማስጣት ግን ከሰማይ ጋር ቁማር መጫወት መሆኑን እናቴም አታጣውም፤ ዘንድሮ ዛላው ዘግይቶ በመገዛቱ ነው እዚህ ላይ የደረስነው።

ጠዋት «ዛሬስ ምን ይላል?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። የቤቱ የአየር ጠባይ ባለሙያ እኔ ነኝ፤ ሹመቱን ያገኘሁት ስልክ ስላለኝ ነው። በዋዜማው ምሽት በዜናው ማብቂያ ላይ የሰማሁትን ነገርኋት፦ በአንዳንድ የመካከለኛው የአገሪቱ ክፍሎች አልፎ አልፎ ከነጎድጓድ ጋር የተቀላቀለ ቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል። ስልኬ ደግሞ ሰኔ ከገባ ጀምሮ በየዕለቱ የሚያሳየኝን ያንኑ ደመናና መብረቅ አሳየኝ፤ ከሥሩ 50 በመቶ ይላል። ሰማዩ ብራ ነበር። «እማዬ፣ ይሰጣ፣ ምንም አይልም» አልሁ። የተናገርሁት እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገር ግን ከእነዚያ ቃላት ሌላ ምን ማውጣት ይቻል ነበር?

ከምሳ በኋላ እንጦጦ በኩል ጠቆረ። ሸራውን በአራት ማዕዘኑ ይዘን ለማንሣት ስንሯሯጥ መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ የሸራውን አንዱን ጫፍ ገልብጦ በርበሬውን አፈር ላይ ደፋው፤ ወዲያው ዶፉ ተከተለ፣ ከዶፉም ጋር በረዶው። ግማሹን በረንዳ ላይ አወጣን፤ ግማሹ በግቢው መካከል ቀይ ወንዝ ሆኖ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ። አሸንዳው ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይንዠቀዠቅ ነበር። ይህ ሁሉ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ አባርቶ ፀሐይ ወጣች፤ የጎረቤት ልጆች በቀረችው ካፊያ ውስጥ «ጅብ ወለደች!» እያሉ ይጨፍሩ ጀመር። አቃቂ ወደምትኖረው እኅቴ ደውዬ ስነግራት «የምን ዝናብ? እዚህ እኮ ጠብታ እንኳን የለም» አለችኝ። በትንበያው ቋንቋ ከሄድን እኔም እኅቴም በትክክል ተነግሮናል፤ እኔ «አንዳንድ ስፍራ» ነኝ፣ እሷ ያልተጠቀሰችው ስፍራ ናት። እንዲህ ያለ ትንበያ ሊሳሳት አይችልም፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

ባለሙያዎቹን መውቀስ አልፈልግም፤ ሥራቸው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በሰኔ መግቢያ ምድርን በወገቧ ዙሪያ የሚከብበው የዝናብ መቀነት ወደ ሰሜን እየወጣ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል እርጥብ አየር ይገባል፤ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ተራራ ሲያገኝ ሽቅብ ይወጣና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ደመና ዕድሜው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ስፋቱም ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ድረስ ከተማው ቁልቁል ይወርዳል። የስልካችንን ትንበያ የሚመግቡት ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ምድርን የሚያዩት ስፋታቸው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፍለው ነው። ተራራውም ሜዳውም በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ተደልድሎ ይገባል። ስለዚህ ያ 50 በመቶ የእኛን ግቢ አያውቀውም።

እንግዲያው ይህ ለምን አይነገረንም? «ጠዋት ብራ ይሆናል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ በተራራው ግርጌ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ በረዶም ሊኖር ይችላል» ቢባል የሚጎዳው ማን ነው? ስሌቱ ያንን ያህል ያውቃል፤ ነጎድጓዱ በዚህ ወቅት የከሰዓት እንግዳ መሆኑን ማንም የሰፈር አዛውንት ያውቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ሰዓቱም ቦታውም ተወልቆ «አልፎ አልፎ» የምትለዋ ቃል ብቻ ትቀራለች። አልፎ አልፎ ማለት በጊዜ ነው ወይስ በቦታ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ከባድ» እና «መካከለኛ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከጣለ ከባድ ይባላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ስለሆነ፣ 60 ካሬ ሜትር በሆነው ቆርቆሯችን ላይ 30 ሚሊ ሜትር ማለት 1,800 ሊትር ነው። ይህ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ቢወርድ እንቅልፍ ያማረ ይሆናል፤ በሃያ ደቂቃ ከወረደ ግን አሸንዳም ቱቦም አይችለውም። በሚዛኑ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። የ15 ሚሊ ሜትር ዶፍ «መካከለኛ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በርበሬያችንን የወሰደው መካከለኛው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የወቅቱ ትንበያ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ለ11 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በየወቅቱ ትንበያ ያወጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የሚያወጣው ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ካርታው ሐቀኛ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ለመሆን ያለውን ዕድል በመቶኛ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ» ቢል፣ ቀሪው 55 በመቶ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ይሄዳል ማለት ነው። ዜና ሆኖ ጆሯችን ሲገባ ግን «ዘንድሮ ከመደበኛ በላይ ይዘንባል» ሆኖ ያርፋል። የእኔ ጉዳት አንድ ሸራ በርበሬ ነው። በሰኔ መግቢያ ሁለት ቀን የጣለውን አይቶ ክረምቱ ገባ ብሎ የዘራ፣ ከዚያ ሰማዩ አሥራ አምስት ቀን ተዘግቶበት ዘሩ መሬት ውስጥ የቀረበት ገበሬ ምን ይበል? ለእሱ ከወቅቱ ድምር ይልቅ ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መካከሉ ላይ ይቋረጥ እንደሆነ መስማት ይበልጥበታል። ይህ በትንበያ ሰነዱ ውስጥ የሚጠቀስበት ጊዜ አለ፤ በዜናው ግን ከስፖርቱ በፊት ባለችው አንድ ደቂቃ ውስጥ አይገባም።

የተረፈው በርበሬ ሦስት ቀን እኔ መኝታ ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቶ ቤተሰቡን ሁሉ ሲያስነጥስ ሰነበተ። ጫፍ ጫፉ መሻገት ጀምሯል፤ እናቴ እየመረጠች ትጥላለች፤ ለእኔም አትናገርም፣ እሱ ነው የከፋኝ። ዛሬ ጠዋት እንደገና ወጥቶ ተሰጥቷል። ይህን የምጽፈው ከሸራው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኬ ያንኑ ደመናና መብረቅ፣ ያንኑ 50 በመቶ ያሳያል። እናቴ ግን ዛሬ አልጠየቀችኝም፤ በየአሥር ደቂቃው ከወጥ ቤት ብቅ እያለች ወደ እንጦጦ ታያለች። አሁን 6 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ደመና ተቀምጣለች፤ የሸራውን አንዱን ማዕዘን ይዣለሁ።