አንዲት ዲስቻርጅ

እስኪ ፍረዱኝ ወገኖቼ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስድስት ዓመት ሌት ተቀን በነርስነት አገልግዬ ያገኘሁት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ሲመጣ «ከኃላፊነቷ ተሰናብታለች» ይላል። 1,800 ብር ከፍዬ! ማህተም አርፎበት!

በእንግሊዝኛ የተጻፈው ዋናው ደብዳቤ የሚለው ኃላፊነቷን በአግባቡ «ዲስቻርጅ» አድርጋለች ነው። ተወጥታለች ማለት ነው፤ ያገራችን መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ሲጽፍ የለመደው አባባል ነው። ግን ይቺ ቃል ስንት መልክ እንዳላት ነርስ ይጠየቅ። በሽተኛው ዲስቻርጅ ሆነ ስንል ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ ቁስሉ ዲስቻርጅ አለው ስንል ፈሳሽ እየወጣው ነው፤ ባትሪም ዲስቻርጅ ያደርጋል። ጀርመኖች ለየብቻ ነው የሚጠሩት፦ የበሽተኛው ኤንትላሱንግ፣ የቁስሉ ዜክሬት፣ የባትሪው ኤንትላዱንግ። ኃላፊነት መወጣት ደግሞ ኤርፉለን ነው። ጉዱ ያለው ኤንትላሱንግ ላይ ነው፤ ሠራተኛ ማሰናበትም የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። እሱን አንስተው ለጠፉብኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ትርጉም ቤቱ ስመለስ የተረጎመው ልጅ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና «ይኸው እህቴ፣ ኤንትላሰን ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት መጀመሪያው መስመር ላይ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ታች ወረድኩ፤ ኤርፉለን ስድስተኛው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ድረስ የወረደ ሰው የለም! ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እኔም እሱም የጎጃም ልጆች መሆናችን ነው። ደውሎ በአማርኛ ቢጠይቀኝ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። የእኛም «ወጣ» እኮ ብዙ ናት፦ በሽተኛው ወጣ፣ መግል ወጣው፣ ኃላፊነቷን ተወጣች። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው «ከኃላፊነቷ ወጣች»ን እና «ኃላፊነቷን ተወጣች»ን ያምታታል?

አባቴ ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «ኃላፊነት የሚለው አጠገቡ ተቀምጦ የለም እንዴ? ኅብረ ቃል የሚፈታው እኮ በጎረቤቱ ነው» አሉኝ። ኅብረ ቃል በቅኔ ከአንድ በላይ ፍቺ ያለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ገባቸው።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1698 ነው፤ ያኔ ፍቺው በላቲን ነበር። እኛም ይኸው ዛሬ ጀርመንኛን የምናጠናው በእንግሊዝኛ ዞረን ነው።

ትናንት እንደገና ከፍዬ የታረመውን ተቀበልኩ። ኤርፉለን ገብቷል። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልክ መብራት ሁለተኛውን ገጽ ሳነብ፣ «ዋርድ» በሚለው ፈንታ ሙንደል ተጽፏል፤ ሞግዚት የተሾመለት ልጅ ማለት ነው። የሆስፒታል ክፍል ሽታትሲዮን ነበር። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ነኝ።